የአሥር ዓመት የኳንተም ምርምር ለማን ጠቀመ? አንድ ረዥም ክር በአጭሩ

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደውን የጥያቄና መልስ ውይይት፣ የከፈተው አዲስ አበባ ውስጥ ፊዚክስ የሚማር የማስተርስ ተማሪ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሰላምታውን ሳያጓድል ገባ። ጥያቄው ግን እሾህ ነበረው።

እንግሊዝ በ2013 ለኳንተም ቴክኖሎጂ 270 ሚሊዮን ፓውንድ እንደምታወጣ አስታወቀች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በማግስቱ ዓመት አራት የምርምር ማዕከላት ተቋቋሙ። አንዱ በዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ሲሆን ሥራው ምስጢር የሚጠብቅ የኳንተም ግንኙነት ነበር፤ በብርሃን ቅንጣቶች ጠባይ ተጠቅሞ ሰላይን የሚያጋልጥ ልውውጥ ማለት ነው። ካምብሪጅ፣ ብሪስቶልና ሄሪዮት ዋት የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ገቡበት። ከኩባንያዎቹ ወገን ቶሺባ፣ የእንግሊዙ የቴሌኮም ኩባንያ ቢቲና የኔትወርክ መሣሪያ ሠሪው አድቫ ነበሩ። አሥር ዓመት ሠሩ። መሣሪያውን ከላብራቶሪ አውጥተው እውነተኛ ፋይበር ላይ ገጠሙት። ይሁንና የዚያው አገር ብሔራዊ የሳይበር ደኅንነት ማዕከል በ2020 ባወጣው ጽሑፍ፣ ይህን ነገር ለመንግሥትም ሆነ ለጦር ሥራ አልደግፍም አለ። የልጁ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው። የገዛ አገራቸው የማይቀበለውን ነገር ለምን ይሠሩታል? የመመረቂያ ጽሑፉን በዚሁ ርዕስ ላይ ለመሥራት አስቧልና መልሱ ለእሱ ተራ ወሬ አልነበረም።

መልስ 1 ጥያቄውን አመስግኖ እከታተላለሁ ከማለት አላለፈም። መልስ 2 ሞቅ ብሎት ገባ። በኳንተም የተላከ መልእክት በብርሃን ቅንጣት ላይ ተጭኖ ስለሚሄድ ማንም፣ መቼም፣ በምንም ዘዴ ሊጠልፈው አይችልም ይላል። የሳይበር ማዕከሉ የተቃወመውም ራሱ መሰለል እንዳይቀርበት ብሎ ነው ሲል ጠረጠረ። መልስ 3 በሁሉም ተስማምቶ የአንስታይንን ስም ጨመረበት። እንዲህ ያለ ክር ላይ አንስታይን ሳይጠራ አይመሽም።

መልስ 4 የመጣው አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ለረዥም ጊዜ ካስተማሩ ጡረተኛ ነው። እርማታቸው ለስላሳ ነበር። በኳንተሙ መስመር የሚሄደው መልእክቱ ሳይሆን ቁልፉ ነው፤ መልእክቱን ለመመስጠርና ለመፍታት የሚያገለግለው የቁጥር ዝርዝር። ላኪው ደካማ የብርሃን ምት እየላከ፣ ሁለቱ ወገኖች በዘፈቀደ የተገኙ ዜሮና አንዶችን ይጋራሉ። መሃል ገብቶ የለካ ሰው የፎቶኑን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቱን፣ ሁኔታ ያውካል፤ ስለዚህ በሁለቱ ዝርዝር ውስጥ ስህተት ይበዛል። ስህተቱ 11 በመቶ አካባቢ ከደረሰ ያ ቁልፍ ይጣላል። ደብዳቤው ራሱ በተረፈው ንጹህ ቁልፍ ተመስጥሮ በተለመደው መስመር ይላካል። ሐሳቡን በ1984 ያቀረቡት ቻርልስ ቤኔትና ዢል ብራሳርድ ናቸው። የመጀመሪያው የአይቢኤም ሰው፣ ሁለተኛው የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ መምህር። ጋሼ ይህን ያነሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ኩባንያና ዩኒቨርሲቲ በዚህ ነገር ላይ የተገናኙት ከልደቱ ጀምሮ ነው ለማለት ነው። በ1989 የሠሩት የመጀመሪያ መሣሪያ ቁልፉን ያሻገረው 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ጠረጴዛ ላይ፣ በአየር ውስጥ።

መልስ 5 የመልስ 2 ጸሐፊ ነው። ጋሼን ከልብ አመሰገናቸው። ማንም አይጠልፈውም ያለውን ግን አልሳበም። ቆይቶ መዘዝ አመጣበት።

ከዚህ በኋላ ክሩ ነፍስ ዘራ። መልስ 6 የጻፈው ፋይበር በመቀጠል የሚተዳደር ቴክኒሻን ነው። ፊዚክሱን አልነካም። ርቀቱን ጠየቀ። ጥሩ የሚባል ፋይበር በአንድ ኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል (የብርሃን መዳከም መለኪያ ነው) ያህል ብርሃን ይበላል፤ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ከ100 ፎቶን አንዱ ብቻ ይደርሳል። ታዲያ ከዚያ በላይ እንዴት ይኬዳል?

መልስ 7 ወዲያው ካልኩሌተር አወጣ። የኢትዮጵያ ኢንተርኔት ወደ ባሕር ገመድ ከሚደርስባቸው መንገዶች አንዱ ጅቡቲ ነው። ባቡር መንገዱን ተከትሎ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መጥፋቱ 150 ዴሲቤል ነው። ከአዲስ አበባ በየሰከንዱ አንድ ቢሊዮን ፎቶን ብንልክ፣ ጅቡቲ ላይ አንድ ፎቶን ለማግኘት 11 ቀን ተኩል እንጠብቃለን። አንድ ፎቶን! ሒሳቡን ደግሜ ሠራሁት፤ ትክክል ነው። መልስ 8 በዚህ ላይ ሙድ ያዘ፤ አሁንም ቢሆን የእሱ ሰፈር ኢንተርኔት ከዚያ ብዙም እንደማይፈጥን ተናገረ። ላይኩን ሁሉ የሰበሰበው እሱ ነው።

መልስ 9 በመንገዱ ላይ ማጉያ ብናስገባስ አለ፤ ለተራው ኢንተርኔት እንደሚደረገው። መልስ 10 አይሆንም ብሎ ምክንያቱን አስረዳ። ማጉያ የሚሠራው ብርሃኑን በማባዛት ነው። የማይታወቅ የኳንተም ሁኔታን ደግሞ አስመስሎ ማባዛት እንደማይቻል በ1982 ተረጋግጧል። ሰላዩን የሚያግደው ሕግ ማጉያውንም ያግዳል። ምስጢሩን የሚጠብቀው ነገር ራሱ ርቀቱን ያሳጥረዋል ማለት ነው። ይህችን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኳት።

መልስ 11 እንግሊዝ ውስጥ በዘርፉ ዶክትሬቱን ከሠራ ሰው የመጣ ነው። እዚያ ችግሩን እንዴት እንዳለፉት ዘረዘረ። በ2019 የተመረቀው መስመር ከካምብሪጅ ተነስቶ ኢፕስዊች አጠገብ እስካለው የቢቲ ምርምር ማዕከል ድረስ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በአንድ ትንፋሽ ግን አይደለም። በመሃል የቢቲ ጣቢያዎች አሉ። በየጣቢያው ቁልፉ ይወጣል፣ በሌላ ቁልፍ ይመሰጠራል፣ ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። ቻይናም ከቤይጂንግ እስከ ሻንጋይ 2 ሺህ ኪሎ ሜትር የዘረጋችው እንዲሁ አድርጋ ነው፤ 32 ጣቢያዎች አሏት። ሰውየው ይህን የጻፈው በኩራት ነው። መብቱ ነው፤ የብዙ ሰው ላብ ያለበት ሥራ ነው።

መልስ 12 ያው ቴክኒሻን ነው። እኔ በበኩሌ የክሩ ምርጥ መልስ ይህ ነው እላለሁ። የጣቢያው በር ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ ነው ብሎ ጠየቀ። በየጣቢያው ቁልፉ የሚገለጥ ከሆነ ነገሩ በየኬላው እየተከፈተ፣ እየተገለበጠና ዳግመኛ እየታሸገ እንደሚሄድ ደብዳቤ ነው። እሱ ራሱ በሥራው የገባባቸው የመሃል ጣቢያዎች አሉ። አንዱ ላይ ቁልፉ ለወራት ጠፍቶ በሩ በሽቦ ታስሮ እንደነበር አጫወተን፤ የየትኛው ድርጅት እንደሆነ አልተናገረም። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በየ75 ኪሎ ሜትሩ ቢደረግ ዘጠኝ ጣቢያ ያስፈልጋል። ዘጠኝ በር፣ ዘጠኝ ዘበኛ። የፊዚክስ ሕግ ዘበኛውን ይጠብቀዋል ወይ?

ለዚህ ቀጥተኛ መልስ የሰጠ የለም። በሱ ፋንታ መልስ 13 መጣች፤ ጨዋነቱም ከዚያ ወዲያ ሳሳ።

መልስ 13 ስቶክሆልም የምትኖር የምስጠራ ሶፍትዌር ባለሙያ ናት። ያለ ሰላምታ ገባች። የኳንተም ቁልፍ ልውውጥ ቁልፍ ይሰጥሃል፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ማን እንደሆነ ግን አይነግርህም። ያንን ለማረጋገጥ ወይ አስቀድሞ የተጋራ ምስጢር ያስፈልጋል፣ ወይ ዲጂታል ፊርማ። ፊርማው ደግሞ የሚቆመው አንድ ቀን ሊሰበር ይችላል ብለን ልንሸሸው በነበረው ሒሳብ ላይ ነው። ቀጠለች። ስልክ ላይ አይጫንም፣ ልዩ መሣሪያና ልዩ ፋይበር ይፈልጋል። የእንግሊዙ ማዕከል ብቻውን አይደለም፤ የአሜሪካው ብሔራዊ የጸጥታ ኤጀንሲም አልመከረውም። በጥር 2024 የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የኔዘርላንድና የስዊድን መሥሪያ ቤቶች በጋራ ባወጡት አቋም፣ ቅድሚያ ለፖስት ኳንተም ምስጠራ ይሰጥ ብለዋል። ያ በሒሳብ የሚሠራና የዛሬውን ምስጠራ ይሰብራል ተብሎ የሚፈራውን የኳንተም ኮምፒውተር እንዲቋቋም የታሰበ ነው። የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም በነሐሴ 2024 ሦስት እንዲህ ያሉ ዘዴዎችን አጽድቋል። እነሱን ለማስገባት ሶፍትዌር ማደስ ይበቃል። ስለዚህ ለልጁ ጥያቄ የሷ መልስ አጭር ነው፤ ብሩ ቀልጦ ቀርቷል።

መልስ 14 የዶክትሬቱ ሰውዬ ነው። ተናደደ። የፖሊሲ ወረቀት ከማንበብ አልፋ ላብራቶሪ ረግጣ እንደማታውቅ ነገራት። መልስ 15 ላይ የላብራቶሪዎቹንም ጽሑፍ እንደምታነብ፣ ችግሩ እነሱ የሷን አለማንበባቸው እንደሆነ መለሰችለት። መልስ 16 ሁለቱንም ወንድሜ፣ እህቴ እያለ ለማብረድ ሞከረ። የሰማው የለም።

መልስ 17 ባንክ ውስጥ በመረጃ ደኅንነት የሚሠራ ሰው ነው። ከሷ በተቃራኒ ቆመ፤ ግን ማስረጃ ይዞ ነው። ሳይክ የሚባል የፖስት ኳንተም ዘዴ ነበር። በአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም ምርጫ ለዓመታት ተመርምሮ እስከ አራተኛው ዙር ዘለቀ። በ2022 ሁለት የሌቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ሰዓት ገደማ በፈጀ ሥራ፣ በተራ ኮምፒውተር፣ በአንድ የማስሊያ ክፍል (ኮር) ብቻ ሰበሩት። ኳንተም ኮምፒውተር እንኳ አላስፈለገም። ሒሳብ ዛሬ አልተሰበረም ማለት ነገ አይሰበርም ማለት አይደለም። ለዚህም ነው ባንኩ የኳንተሙን ቁልፍና ፖስት ኳንተሙን አብሮ እንዲሞክር የሚፈልገው። የሚያሳስበው ደግሞ የነገ ብቻ አይደለም። ዛሬ የተመሰጠረን መረጃ ቀድቶ አስቀምጦ፣ አቅም ሲመጣ የሚከፍት ሰው ይኖራል። ያኔ መጮህ ጅብ ከሄደ በኋላ ነው። መልስ 18 ላይ ባለሙያዋ ረጋ ብላ፣ ሳይክ ከጸደቁት ሦስቱ አንዱ አለመሆኑንና ሥራ ላይ ሳይውል መውደቁ የፈተናው ዓላማ እንደሆነ አስታወሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ጥሩ ነጥብ ነው አለች።

መልስ 19 የመልስ 2ን እና የመልስ 5ን ጸሐፊ ፈልጎ አገኘው። ማንም አይጠልፈውም ያልከው ነገር ሊጠለፍ እንደሚችል በ2010 ታይቷል አለው። ኖርዌይ፣ ትሮንሄይም ውስጥ የነቫዲም ማካሮቭ ቡድን በገበያ ላይ ያሉ የሁለት ኩባንያዎች መሣሪያዎች ላይ ደማቅ ብርሃን እየላኩ ፎቶን መቁጠሪያውን አሳወሩት። የታወረው መቁጠሪያ እነሱ የፈለጉትን ይቆጥር ጀመር። ስህተት አልጨመረም፤ ደወል አልጮኸም። ቁልፉን እንዳለ መውሰድ እንደሚቻል አሳዩ። የመልስ 2 ጸሐፊ ከዚያ በኋላ ክሩ ላይ አልታየም።

መልስ 20 ላይ ጋሼ ተመለሱ። የጥያቄው መልስ ከሞላ ጎደል እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል። የፊዚክሱ ሕግ አልተሰበረም ይላሉ። የተሰበረው ዕቃው ነው። ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ቢቀር ኖሮ ሕጉን እያመሰገነ ይኖር ነበር፤ ኩባንያ ብቻውን ቢሆን ደግሞ ዕቃውን እየሸጠ። ሰባሪው የዩኒቨርሲቲ ሰው ሆኖ ዕቃው የኩባንያ መሆኑ ጠቀመ። በ2012 መቁጠሪያውን ጨርሶ ማመን የማያስፈልገው አሠራር ታሰበ። ከዚያ በ2018 የቶሺባ ካምብሪጅ ላብራቶሪ ብርሃኑ ከሁለቱም ጫፍ ተልኮ መሃል ላይ የሚገናኝበትን ዘዴ አወጣ። በ2021 ያው ላብራቶሪ 600 ኪሎ ሜትር ፋይበር ላይ አሳየው። መሃል ያለው ጣቢያ በጠላት እጅ ቢሆን እንኳ ቁልፉን አያገኘውም። ይህ ለመልስ 12 የመጣ መልስ መሆኑን ጋሼ በስም ጠቅሰው አመለከቱ። ቴክኒሻኑ በአውራ ጣት አመሰገነ።

እኔ ደግሞ ማንም ያላነሳውን ልጨምር። የዮርኩ ማዕከል አጋሮች ውስጥ የእንግሊዝ ብሔራዊ የፊዚክስ ላብራቶሪ ነበር። ሥራው መለካት ነው። ይህ ሳጥን፣ የኳንተሙ መሣሪያ፣ በእርግጥ ምን ያህል ፎቶን ያወጣል? መቁጠሪያው በምን ያህል ይሳሳታል? የአውሮፓው የቴሌኮም ስታንዳርድ ተቋም ከ2008 ጀምሮ ለዚህ የተቋቋመ ቡድን አለው። ለዜና የማይሆን፣ አሰልቺ ሥራ ነው። ነገር ግን የሳይበር ማዕከሉ ጥርጣሬ ትልቅ ክፍል የሚነሳው ሳጥኑን ማን መረመረው ከሚል ነው። ጥርጣሬውና ምርምሩ ጠላቶች አይመስሉኝም።

መልስ 21 ነገሩን ወደ ራሷ ሕይወት አመጣችው። አውሮፓ ውስጥ በኩባንያ ገንዘብ ዶክትሬቷን ሠርታለች። የጻፈችው ጽሑፍ የኩባንያው የፓተንት ጠበቆች ሳያዩት መውጣት ስላልቻለ የጉባኤው ቀን አለፋት። ተቀናቃኝ ቡድን ቀደማት። የኩባንያውን ስም ብንወተውታትም አልሰጠችም። መልስ 22 ሌላውን ጎን አሳየ። የቶሺባ ላብራቶሪ ካምብሪጅ ውስጥ የተከፈተው በ1991 ነው፤ የዶክትሬት ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲው እየመጡ እዚያ ሲሠሩ ኖረዋል። ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረው ሥራ ደግሞ ኬትስ የሚባል ኩባንያ ወልዶ መሣሪያውን ወደ ቺፕ ለማሳነስ ይሠራል። ቢቲና ቶሺባ በ2022 ለንደን ውስጥ የሙከራ አገልግሎት ጀምረው የመጀመሪያው ደንበኛ የሒሳብና የማማከር ድርጅቱ ኢዋይ ሆነ። ተማሪው የሚቀጠርበት ቦታ አለ ማለት ነው።

ቀጠሮ የሌለው ወሬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ከመልስ 23 እስከ 26 ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቪዛ፣ ከዚያም የቶሺባ ላፕቶፕ ገበያ ላይ አለ ወይስ የለም በሚል ሆነ። የለም፤ በ2020 ንግዱን ጨርሶ ወጥቷል። አንዱ የድሮው ላፕቶፑ ዛሬም እንደሚሠራ ሊያሳምነን ደከመ።

መልስ 27 ክሩን መለሰው፤ ወደ አፍሪካ ይዞት መጣ። በ2010ሩ የዓለም ዋንጫ ደርባን ውስጥ ሞዝስ ማቢዳ ስታዲየም ላይ የኳንተም ቁልፍ መስመር ተዘርግቶ ነበር። የሠሩት የክዋዙሉ ናታል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ጋር ነው፤ መሣሪያው ከጄኔቫው ኩባንያ ከአይዲ ኳንቲክ የመጣ ነበር። መልስ 28 አዲሱን ጨመረ። በጥቅምት 2024 የደቡብ አፍሪካው ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲና የቻይና ተመራማሪዎች በአንዲት ትንሽ ሳተላይት አማካይነት 12,900 ኪሎ ሜትር ተራርቀው ቁልፍ ተጋሩ። በማርች 2025 ታትሟል። ልጁ ከእንግሊዝ ሌላ የሚያይበት አቅጣጫ እንዳለው ለማሳየት ነው።

መልስ 29 ቴክኒሻኑ ነው፤ አሁንም በሩን ይዟል። ሳተላይቷ ቁልፉን ከአንዱ ተቀብላ ለሌላው የምታስተላልፍ ከሆነ እሷም ጣቢያ ናት አለ። መልስ 13 የጻፈችው ሴት በመልስ 30 ሙሉ በሙሉ ተስማማች። ሁለቱ ከዚያ ወዲያ ወዳጅ ሆኑ።

በመልስ 31 ልጁ ተመልሶ ሁሉንም አመሰገነ፤ ጋሼን በተለይ። ርዕሱን አልተወም። ግን አጥብቦታል፤ ፎቶን መቁጠሪያው በብርሃን ሲታወር ከውጭ እንዴት ይታወቃል በሚለው ላይ ሊሠራ ነው። መሣሪያ ስለሌለው በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ይጀምራል። መልስ 32 ላይ የስቶክሆልሟ ባለሙያ ረቂቁን መጀመሪያ ለሷ እንዲልክ ነገረችው፤ እንደማትራራለትም ጭምር። የዶክትሬቱ ሰውዬ በመልስ 33 የድሮ የልኬት መረጃዎቹን ሊሰጠው ቃል ገባ።

መልስ 34 ቴክኒሻኑ አንድ ነገር ቀርቶበት ነበር። መቁጠሪያው ማቀዝቀዣ ይፈልጋል ወይ አለ። ጋሼ በመልስ 35 እንደ ዓይነቱ ነው አሉ። አንዱ በትንሽ የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች 30 ወይም 40 ዲግሪ ላይ ይሠራል። ሌላው፣ የተሻለው፣ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ታዲያ አዋሽ ላይ የሚቆመው ጣቢያ በዚያ ሙቀት መብራት ሲጠፋ ምን ሊውጠው ነው? ከመልስ 36 ጀምሮ ያለው በሙሉ ስለ ጄኔሬተርና ስለ ሶላር ነው። ናፍጣ በሚሉና ባትሪ በሚሉ መካከል ጠቡ ዛሬም አልበረደም።